ችግሩ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ አሁን ስለ አንጎሏ የሚነግሩን ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ልጄ ሦስት ወር ሊሞላት ነው። ስትወለድ ወገቧ ላይ ክፍት እብጠት ነበራት፤ ስፓይና ባይፊዳ ነው ተባልን። በአምስተኛው ቀኗ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተዘጋላት። ቁስሉ በደንብ ድኗል። ከዚያ በኋላ ግን ጭንቅላቷ ቶሎ ቶሎ ማደግ ጀመረ። ኤምአርአይ ስትነሳ ወረቀቱ ላይ ኪያሪ ሁለት፣ ሃይድሮሴፋለስ፣ የሳሳ ኮርፐስ ካሎሰም፣ ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ ፈሳሽ ያለበት ክፍተት፣ ህብለ ሰረሰሩም ከቦታው ዝቅ ብሎ የተያዘ ነው የሚል ተጻፈ። ሐኪሞቹ ሻንት የሚባል ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ይግባላት አሉ። ዘመድ ደግሞ ጀርባዋን ባታዘጉት ኖሮ ውሃው ወደ ጭንቅላቷ አይወጣም ነበር ይለኛል። አምስት በሽታ ነው ያለባት? ሁሉም ኦፕራሲዮን ይፈልጋል? ትንሽ ብንጠብቅስ? ጠበል ልወስዳትም አስቤያለሁ፤ ገንዘብ አሰባስበን ህንድ እንውሰዳት የሚሉም አሉ። እኔ እርጉዝ ሆኜ ከሦስተኛ ወሬ ጀምሮ ይህን ይከላከላል የሚባለው ፎሊክ አሲድ ያለበትን ክኒን ሳላቋርጥ ወስጃለሁ። ታዲያ ለምን ሆነ? ሌላ ልጅስ ብወልድ?»

መልስ፦ ልጅዎ አምስት በሽታ የለባትም። ያለባት አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ የተደረደሩት ስሞች በሙሉ፣ ገና የአንድ ወር ጽንስ ሳለች ከተፈጠረ አንድ ክፍተት የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ዛሬ ኦፕራሲዮን የሚፈልገው ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ብቻ ነው። እሱን አያዘግዩት። የቀሩት በክትትል ይያዛሉ። ይህን ያስቀደምኩት፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳያነቡ ቢያቆሙ እንኳ ይህ እንዳያመልጥዎ ነው።

አንጎልና ህብለ ሰረሰር ሲጀመሩ አንድ ናቸው። በጽንሱ ጀርባ በኩል አንድ ቀጭን ንጣፍ አለ። የንጣፉ ሁለት ጠርዞች ተነስተው ይገጥሙና ቱቦ ይሠራሉ። የቱቦው የላይኛው ክፍል አንጎል ይሆናል፤ የቀረው ህብለ ሰረሰር። የራስጌው ጫፍ ከጽንሰት በኋላ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የግርጌው ጫፍ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት እናትየው የምታውቀው ቢበዛ የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ያህል መዘግየቱን ነው። የልጅዎ ቱቦ ወገብ አካባቢ ሳይገጥም ቀረ። ስለዚህ በላዩ መዘጋት የነበረበት አጥንት፣ ጡንቻና ቆዳም አልተዘጋም። ነርቮቹ ወራቱን ሙሉ ለሽርት ውሃ ተጋልጠው ቆዩ፤ ይህም ተጨማሪ ጉዳት ያደርስባቸዋል።

ወደ አንጎል የሚያሻግረው ፈሳሹ ነው። አንጎላችን ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ክፍሎች አሉ። በማህፀን ውስጥ ይህ ፈሳሽ ከውስጥ እየገፋ አንጎሉንም የራስ ቅሉንም እንዲሰፉ ያደርጋል። ጀርባ ክፍት ሲሆን ግን ፈሳሹ በዚያ በኩል ወደ ሽርት ውሃው ይፈስሳል። የተበሳ ከመነዳሪ ኳሱን ወጥሮ እንደማይዝ ሁሉ፣ ውስጡ ግፊት ያጣ የራስ ቅልም የኋላ ክፍሉ በሚገባ ሳይሰፋ ይቀራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ማደግ ያለባቸው ትንሹ አንጎልና የአንጎል ግንድ ናቸው። ቦታው ሲጠብባቸው በራስ ቅሉ ወለል ላይ ባለው ቀዳዳ አልፈው ወደ አንገት ይወርዳሉ። ኪያሪ ሁለት የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1891 የእነዚህን አካላት መውረድ ከመደበው በፕራግ ይሠራ ከነበረ ሐኪም፣ ከሃንስ ኪያሪ ነው። ከፈሳሹ መፍሰስ ጋር አያይዘው እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን ማብራሪያ የሰጡት ደግሞ ማክሎንና ኔፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1989።

ቀጥሎ ያለው በራሱ ይከተላል። ወደ ታች የወረደው አካል የፈሳሹን መውጫ ያጠብበዋል። ፈሳሹ መመረቱን አያቆምም፤ መንገድ ሲያጣ እዚያው ይጠራቀማል። ይህ ሃይድሮሴፋለስ ነው። ኮርፐስ ካሎሰም የሚባለው፣ ግራና ቀኝ አንጎልን የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል፣ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ባሉት ወራት ስለሆነ ቅርጹ በተዛባ አንጎል ውስጥ በሚገባ አይሞላም። ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ የታየው ክፍተትም ከዚሁ ከተዛባ የፈሳሽ ዝውውር ይመጣል። ሰንሰለቱ አንድ ነው። ኤምአርአዩን ያነበበው ሐኪም ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ስለጻፋቸው ነው አምስት የመሰሉዎት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ኪያሪ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ በብዛት የሚያገኙት ስለ ኪያሪ አንድ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ በአዋቂዎችና በትልልቅ ልጆች ላይ የሚገኝ፣ ሲያስሉ የሚብስ የራስ ምታት የሚያመጣ፣ ከስፓይና ባይፊዳ ጋር ግንኙነት የሌለው ነው። የእሱን ሕክምና ለልጅዎ አይመኙ፤ የእሱን ታሪክም አይፍሩ። ኪያሪ ሁለት ከሞላ ጎደል የሚታየው እንደ ልጅዎ ጀርባቸው ክፍት ሆኖ በተወለዱ ልጆች ላይ ብቻ ነው። ክፍተቱ በቆዳ ተሸፍኖ የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የአንጎል ለውጥ አይኖርበትም።

ወደ ዘመድዎ ንግግር ልምጣ፤ ይህ ብዙ እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነውና። ዘመድዎ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን ስህተት ነው። ጭንቅላቷ ቶሎ ማደግ የጀመረው ጀርባዋ ከተዘጋ በኋላ መሆኑ የተለመደ ነው። ክፍተቱ ለፈሳሹ እንደ ማስተንፈሻ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ ሲዘጋ የተደበቀው መጠራቀም ታየ። መንገዱ የጠበበው ግን ከመወለዷ ከወራት በፊት ነው። ለዚህ ማስረጃ አለ። በአልትራሳውንድ፣ ልጁ ገና በማህፀን ሳለ፣ ግንባሩ በሁለቱም ጎን ገባ ብሎ ጭንቅላቱ ሎሚ ይመስላል፤ ትንሹ አንጎልም ተጨምቆና ተቆልምሞ ሙዝ ይመስላል። እነዚህን ሁለት ምልክቶች የለንደን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳወቁ ወዲህ በየአገሩ ያለ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ስፓይና ባይፊዳን ሲፈልግ ከጀርባው በፊት ጭንቅላቱን ያያል። በአምስተኛ ወር የታየ ነገር ከወሊድ በኋላ በተደረገ ኦፕራሲዮን ሊመጣ አይችልም።

ከዚህ የሚበረታ ማስረጃ ከአሜሪካ መጥቷል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ሐኪሞች የአንዳንዶቹን ጽንሶች ጀርባ ከ26ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት እዚያው ማህፀን ውስጥ ዘጉት። ሌሎቹ እንደ ልጅዎ ከተወለዱ በኋላ ተዘጋላቸው። አንድ ዓመት ሲሞላቸው ሻንት የገባላቸው በማህፀን ከተዘጋላቸው ልጆች 40 በመቶ፣ ከተወለዱ በኋላ ከተዘጋላቸው ደግሞ 82 በመቶ ነበሩ። አንጎላቸው ወደ አንገት መውረዱም ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ መዝጋቱ ውሃ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ቀድመው የተዘጉት በባሱ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ያ ኦፕራሲዮን ያለ ጊዜ መውለድን ያመጣል፣ የእናትየውንም ማህፀን ይጎዳል፣ የሚሠራውም በጥቂት ማዕከሎች ነው። ስለዚህ ለምን አላደረግኩም ብለው ራስዎን አያሠቃዩ። ያነሳሁት ጀርባዋን ማዘጋትዎ ትክክል መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ሳይዘጋ ቢቀር ኖሮ በክፍተቱ የሚገባው ኢንፌክሽን ማጅራት ገትር ሆኖ ሊቀጥፋት ይችል ነበር። ጀርባው በተወለዱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢዘጋ ይመረጣል፤ በአምስተኛው ቀን ተዘግቶ ኢንፌክሽን ሳይገባባት መዳኗ ጥሩ ዕድል ነው።

አሁን ስለ ፈሳሹ። የአዋቂ ሰው አንጎል በቀን ግማሽ ሊትር ያህል የዚህ ዓይነት ፈሳሽ ያመርታል፤ የሕፃን ያነሰ ነው። ከምትጠባው ወተት ጋር አይገናኝም። ይህን የምለው «ውሃ አብዝታ ነው» ብለው ጡት የሚቀንሱ ወላጆች ስላሉ ነው። በፍጹም አይቀንሱባት። ሽንት የሚያሸና መድኃኒትም መፍትሄ አይሆንም። መንገዱ ተዘግቷልና ሌላ መንገድ መክፈት ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

ሁሉም ስፓይና ባይፊዳ ያለበት ልጅ ሻንት አያስፈልገውም። ክፍሎቹ ትንሽ ሰፋ ብለው ጭንቅላቱ ግን በመደበኛው መስመር የሚያድግ ልጅ በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ሐኪሞች ከድሮው ይልቅ ይታገሣሉ። የእርስዎ ልጅ ግን በጻፉልኝ መሠረት ከዚህ መስመር ወጥታለች። ማረጋገጥ ከፈለጉ ሜትር ያንሱ። ከቅንድቧ ከፍ አድርገው፣ ከጆሮዋ በላይ አሳልፈው፣ ከኋላ በጣም ወጣ ባለው ቦታ ላይ ያዙሩት። ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ከነቀኑ የክትባት ካርዷ ጀርባ ላይ ይጻፉት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጤነኛ ሕፃን ጭንቅላት በወር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ከዚያ እስከ ስድስተኛው ወር በወር አንድ ሴንቲሜትር። በሳምንት አንድ ሴንቲሜትር የሚጨምር ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም። እርግብግቢቷን ደግሞ ቀጥ አድርገው ይዘዋት፣ ሳታለቅስ ይዳስሱት። ተወጥሮ ጠንከር ያለ ከሆነ፣ የራስ ቆዳዋ ደም ሥር ከጎላ፣ ዓይኖቿ ወደ ታች ተጎትተው ከላይ ነጩ ከታየ፣ ከመጠን በላይ ከተኛች ወይም ደጋግማ ካስመለሰች፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

አማራጩ ሁለት ነው። አንዱ ሻንት ነው፤ ከአንጎል ክፍል ተነስቶ በቆዳ ሥር በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ ውስጥ የሚጨርስ ቀጭን ቱቦ። መሃሉ ላይ ፈሳሹን የሚመጥን ቫልቭ አለው። ወዲያው ይሠራል፤ ብዙ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ይችሉታል። ጉዳቱ ዕቃ መሆኑ ነው። ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል፤ የሚይዘውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሊደፈንም ይችላል። በብዙ ጥናቶች ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ሻንቶች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ዳግም መሠራት ይፈልጋሉ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ሻንት የገባለት ልጅ ድኖ የተሸኘ ልጅ አይደለም።

ሁለተኛው ዕቃ የለውም። በካሜራ ወደ አንጎል ክፍል ገብተው ወለሉ ላይ ቀዳዳ በመክፈት ፈሳሹን በሌላ መንገድ ያሳልፉታል፤ አብረውም ፈሳሹን የሚያመርተውን ህብረ ሕዋስ በከፊል ያቃጥሉታል። ይህን አጣምሮ ለአፍሪካ ሕፃናት ያስፋፋው ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ የጀመረው ኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ውስጥ ነበር። ሻንት በሌሊት ቢደፈን ቶሎ የሚደርሱበት ሆስፒታል ለሌላቸው የገጠር ቤተሰቦች የታሰበ ነው። ስፓይና ባይፊዳ ባለባቸው ልጆች ላይ ጥሩ ውጤት ያሳየ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ቀዳዳው ሊዘጋ ይችላል። ያ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ስለዚህ መለካቱ አይቀርም።

የትኛው ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ፣ ሐኪምዎ ደጋግሞ የሚሠራውን ይምረጡ ነው የምለው። ካሜራው ካለና የለመደው እጅ ካለ ሁለተኛውን ይጠይቁ። ከሌለ ሻንቱን ያስገቡላት። ሁለተኛውን ፍለጋ ሳምንታት ማባከን ግን ትክክል አይደለም። የህንዱም ነገር እንዲሁ ነው። ጀርባ መዝጋትና ሻንት ማስገባት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልን ጨምሮ፣ በየጊዜው የሚሠሩ ኦፕራሲዮኖች ናቸው። ገንዘብ እስኪሰበሰብና ቪዛ እስኪመጣ የሚሄደው ጊዜ ከአንጎሏ ላይ ነው የሚቀነሰው። ደርሳችሁ ብትመለሱም፣ ሻንቱ በሌሊት ቢደፈን ዴልሂ ያለው ሐኪም አይደርስላችሁም። የተሰበሰበ ገንዘብ ካለ ለክትትሉ፣ ለትራንስፖርቱና ለፊዚዮቴራፒው ያስቀምጡት።

ኪያሪው ራሱ ዛሬ ኦፕራሲዮን አይፈልግም። የሚፈልገው ነቅቶ መጠበቅን ነው፤ ይህን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያደርገው የለም። የአንጎል ግንድ መተንፈስንና መዋጥን ያዝዛል። ስለዚህ ስትተነፍስ፣ በተለይ ወደ ውስጥ ስትስብ፣ ሲር የሚል ድምፅ ካሰማች፣ ጡት ስትጠባ ከታነቀች ወይም ወተቱ በአፍንጫዋ ከወጣ፣ ለቅሶዋ ከሳሳ፣ እንቅልፍ ላይ ሳለች ትንፋሿ ከቆመ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ አንገቷን ወደ ኋላ እየቀለበሰች ከተወጠረች፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእነዚህ ምልክቶች የተወሰኑትን ያሳያል። በደንብ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ ለሞት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሻንቱ እየሠራ ነው?» የሚለው ይሁን። ብዙ ጊዜ የአንጎል ግንዱን የሚያስጨንቀው ከላይ የሚጫነው ፈሳሽ ነው፤ ሻንቱ ሲስተካከል ምልክቱ ይለቃል። ሻንቱ እየሠራ ምልክቱ ካልለቀቀ ነው የአንገቱን አጥንት ከፍቶ ቦታ ስለመስጠት የሚወራው።

ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ስላለው ክፍተትም ያው ነው፤ ፈሳሹ ከላይ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ አብሮ ይረጋል ወይም ይቀንሳል። ዝቅ ብሎ የተያዘ ስለመባሉ ግን አይደንግጡ። ጀርባው የተዘጋለት ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ኤምአርአይ ላይ እንዲሁ ነው የሚታየው። ሕክምና የሚጀመረው በምስሉ ሳይሆን በልጁ ላይ በሚመጣ ለውጥ ነው። ስታድግ፣ ቁመቷ በሚጨምርባቸው ዓመታት፣ ትሄድ የነበረችው አካሄዷ ከተበላሸ፣ እግሯ መቆልመም ከጀመረ፣ ጀርባዋን ካመማት፣ ከተጣመመች፣ ሽንቷ ከበፊቱ ከተለወጠ ያኔ ይታያል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚመረመረው ሻንቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ምስሉ ስለሚያሳይ ብቻ የተያዘውን ህብለ ሰረሰር በኦፕራሲዮን እናላቅቀው የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ሁለተኛ ሐኪም ያማክሩ።

የኮርፐስ ካሎሰሙ መሳሳት በኦፕራሲዮን አይስተካከልም፤ አያስፈልገውምም። የሚያሳስብዎ አእምሮዋ እንደሆነ ገብቶኛል። ስፓይና ባይፊዳ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ የማሰብ ችሎታቸው በመደበኛው መጠን ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ንግግራቸው ቶሎ ይፈታል፤ ሒሳብ፣ ትኩረት፣ ነገርን በቅደም ተከተል መጨረስ ግን ያስቸግራቸዋል። አስተማሪ ይህን ሳያውቅ «አፏ ይቀድማል፤ ሥራ ላይ ሰነፍ ናት» ይላል። ሰነፍ አይደለችም፤ አንጎሏ የተሠራበት መንገድ ነው። ጊዜው ሲደርስ ለአስተማሪዋ ይንገሩ። ችሎታዋን ከምንም በላይ የሚጎዳው ግን ሳይታከም የቆየ ግፊትና አንጎል ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል። ቶሎ በሉ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሽንቷ አልጠየቁኝም፤ ወረቀቱም አይናገርም። እኔ ግን ሳልነግርዎ አላልፍም። ፊኛዋን የሚያዝዙት ነርቮች ከተጎዳው ቦታ በታች የሚወጡ ናቸው። ዳይፐሯ ርጥብ ስለሆነ ፊኛዋ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሞልቶ እየተንጠባጠበም ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ወደ ኩላሊት ሲመለስ ኩላሊቱ ሳያም በዝምታ ይበላሻል። የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ አሁኑኑ ያሠሩላት። ፊኛዋ በደንብ ባዶ የማይሆን ከሆነ በቀን ጥቂት ጊዜ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ማውጣትን ነርሷ ታሳይዎታለች። ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሲለመድ ዳይፐር እንደመቀየር ነው። ካቴተሩም ጓንቱም ላቴክስ የሚባለው ጎማ የሌለበት ይሁን፤ እነዚህ ልጆች ለላቴክስ አለርጂ በቀላሉ ይጋለጣሉ። መራመዷን በተመለከተ ደግሞ የሚወስነው ክፍተቱ የቱ ጋ እንደነበር ነው። ዝቅ ባለ መጠን ተስፋው ከፍ ይላል። «የትኞቹ ጡንቻዎቿ ይሠራሉ?» ብለው ሐኪሟን ይጠይቁ፤ ጉልበቷን ራሷ ቀጥ ማድረግ ከቻለች ጥሩ ምልክት ነው። እግሯ ከተቆለመመ በጄሶ የሚስተካከልበት መንገድ አለ። ወጌሻ ጋ አይውሰዷት። አጥንቷ ስስ ነው፤ ሲሰበር አይሰማትም፤ አታለቅስምም። በዚሁ ምክንያት ሙቅ ውሃ የያዘ ነገር ከእግሯ አጠገብ አያስቀምጡ።

ጠበሉን አይተዉት፤ ግን ከኦፕራሲዮኑ አያስቀድሙት። ጸሎት የቀጠሮ ወረቀት አያስቀርም፤ በዚህ የሚስማሙ ካህናትም ብዙ ናቸው። ሻንቱ ገብቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ውሃ ጭንቅላቷንም ሆዷንም አይንካት። ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ምንም አታጠጧት፤ ጠበልም ቢሆን። ሰው ደግሞ እርግማን ነው፣ የእናት ጥፋት ነው ቢልዎ አይስሙት። ይህን ሲሉ ሰምተው አንዳንድ አባቶች ቤታቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ባልዎ ይህን ጽሑፍ ያንብብ። ልጅቷን ወደ ሆስፒታል ማመላለስ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ፎሊክ አሲዱ ለምን አልሠራም ላሉት፣ ቱቦው የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ነው ብያለሁ። ከሦስተኛ ወር የተጀመረ ክኒን ለደምዎ ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የደረሰው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ክትትል ሲጀምሩ ነው የሚሰጠው፤ አብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት ክትትል የምትጀምረው ደግሞ ቱቦው ከተዘጋ በኋላ ነው። ችግሩ የአገር ነው። በትግራይ የተደረገ አንድ ጥናት ከ10,000 ልደት ከ100 በላይ እንዲህ ያለ ችግር አግኝቷል፤ ይህ በዓለም ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የራሱን እህል ሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ፣ ጤፍ የሚበላ ቤተሰብ በፋብሪካ ዱቄት አይደረስም። ለዚህ ነው ጨው ውስጥ ይጨመር የሚሉ ባለሙያዎችን አጥብቄ የምደግፈው። ጨው የማይገባበት ጎጆ የለም።

ሌላ ልጅ መውለድ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ከወለደች እናት ቀጣይ ልጆች ከመቶ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ላይ ሊደገም ይችላል፤ ይህ ማለት ከ95 በላይ ያህሉ ላይ አይደገምም። ለእርስዎ የሚሰጠው መጠን ግን ከሌላው ይለያል። ለማንኛዋም ሴት የሚበቃው በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው። እርስዎ ግን 4 ሚሊግራም ይፈልጋሉ፤ በአሥር እጥፍ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ይህ መጠን የመደገም ዕድሉን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክትትል ላይ የሚሰጠው የብረት ክኒን ውስጥ ያለው 0.4 ነው። እሱን አሥር አድርገው አይዋጡ፤ ብረቱ ይመርዝዎታል። መልቲቪታሚን በማብዛትም አይሞክሩት። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ያለበት ከፍ ያለ መጠን በሐኪም ይታዘዝልዎ። የሚጥል በሽታ ካለብዎና ቫልፕሮት የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ስኳር ካለብዎ፣ ከማርገዝዎ በፊት ሐኪም ያነጋግሩ፤ ሁለቱም ለዚህ ችግር ያጋልጣሉና። እስከዚያው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ። ክኒኑን ከማቆምዎ ወይም መርፌውን ከመተውዎ ሦስት ወር በፊት ፎሊክ አሲዱን ይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት እስኪያልቁ አያቋርጡት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተለመደው 0.4 ይመለሱ። ከ18 እስከ 22 ባለው ሳምንትም ጭንቅላትና ጀርባን በሚገባ በሚያይ ባለሙያ አልትራሳውንድ ይነሱ።

ያ ለሚቀጥለው ነው። ለአሁኗ ልጅዎ ግን በዚህ ሳምንት ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪሟ ተመልሰው የፈሳሹን ኦፕራሲዮን ቀን ይያዙላት። ቀኑ ከሩቅ ከተቆረጠ ካርዱ ላይ የጻፉትን የጭንቅላት ልክ ያሳዩና እንዲቀርብ ይጠይቁ። ኤምአርአዩን ከነሲዲው፣ ሻንት ከገባላት በኋላ ደግሞ የሻንቱን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት፣ ጀርባዋ የተዘጋበትን ማስረጃ በአንድ ፌስታል አድርገው በር አጠገብ ይስቀሉት፤ በሌሊት ብትነሱ ሳትፈልጉ አንስታችሁ እንድትወጡ።